በሸራው ጓሮ የበቀለው ወይን ጠጅ ሐሺሽ

ባለቤቴ በዕድሜው አንድ ጊዜ ሐሺሽ አብቅሏል። ያበቀለውም እንደ ሌላው አረንጓዴ አልነበረም፤ ከግንዱ እስከ ጫፉ ወይን ጠጅ ነበር። ይህን የምጽፈው የሞተ ሰው ስም ለማጉደፍ አይደለም። አብረን ከኖርንበት ዘመን ሁሉ በእሱ የኮራሽበትን አንድ ነገር ንገሪን ብባል የምናገረው ይህንኑ ስለ ሆነ ነው።

የሙት ዓመቱን ተዝካር ባወጣንበት ዕለት፣ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል፣ የእህቴ ልጅ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሚስት ያገባ፣ ሥራ የያዘ ሰው ነው፤ ጨዋታው ግን እንደ ልጅነቱ ነው።

«አክስቴ፣ ጋሼ ወይን ጠጅ ጋንጃ ያበቅሉ ነበር የሚባለው የምር ነው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማን ነገረህ?»

«ሰፈሩ ነዋ! ሼባው ለካ አራዳ ነበሩ!»

እህቴ በክርኗ ጎሸመችው። እኔ ግን ሳቅሁ። ከቀበርነው ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያን ጊዜ ይመስለኛል። ልነግረው አፌን ስከፍት ለቅሶ ያልደረሰ ዘመድ ገባና ወሬው ተቋረጠ። ሰፈር የሚያወራው ግማሹን ነው፤ ያውም የሚያስቀውን ግማሽ። ሌላው ግማሽ እኔ ዘንድ አለ፤ ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። የምንኖረው አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወደ ወንዙ ወረድ ብሎ ባለ የቀበሌ ቤት ነበር። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። እሱ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል የፈረቃ ኃላፊ ነው። ማቅለሚያ የሚሠራ ሰው በእጁ ይታወቃል፤ ሳሙና የማይደርስበት የጥፍር ሥር አለ። ጥፍሩ ሰማያዊ ከሆነ ፋብሪካው የቱታ ጨርቅ ይዟል፤ አረንጓዴ ከሆነ የተማሪ ዩኒፎርም ደርሷል ማለት ነው። የተጋባን ዕለት ቀለበት ሳጠልቅለት ጣቱ ቢጫ ነበር። እናቴ ወደ እህቴ ጠጋ ብላ «ይህ ሰው ጉበቱን ያመዋል እንዴ?» አለቻት።

ከቀለም ሁሉ የሚፈራው ወይን ጠጅን ነበር። «ቀዩ ቸኩሎ ክሩን ይይዛል፣ ሰማያዊው ይለግማል። የማይስማሙ በሬዎችን ጠምዶ እንደ ማረስ ነው» ይል ነበር። ጥሩ ሆኖ የወጣለት ቀን ከበር ሲገባ ይታወቃል፤ የተበላሸበት ቀንም እንዲሁ። የተበላሸውን የሙከራ ክር ጠቅልሎ ወደ ቤት ያመጣዋል። አጥር ይታሰርበታል፣ ልብስ ይሰጣበታል። ግቢያችን ውስጥ ያልተሳካ ወይን ጠጅ ያልታሰረበት እንጨት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከአጥራችን ማዶ የወሎ ሙስሊሞች ይኖሩ ነበር፤ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው። ባልየው ሾፌር ነው። የሰው ኤንትሬ፣ ያንን ትልቁን የጣሊያን ጭነት መኪና፣ ይነዳል። እህል ጭኖ ያልደረሰበት አገር የለም። በሁለታችን ግቢ መካከል አንዲት ጠባብ መሬት ነበረች፤ የእኛ ትሁን የእነሱ ማንም አያውቅም። ሾፌሩ ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር የመኪናውን ሸራ አውርዶ የሚያራግፈው እዚያች ላይ ነው። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ባለቤቴ ይይዙና «በል! በል!» እየተባባሉ ሲያናፍሱት አቧራው ያሰጣሁትን ልብስ ሁሉ ያለብሰዋል። ከአቧራው ጋር የየአገሩ የእህል ርጋፊ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ያ ሁሉ ተነሥቶ ይበቅላል።

«የሸራው ጓሮ» እንላት ነበር። ሥርዓት ነበራት። ማንም አይዘራባትም፣ ማንም የእኔ አይልም፤ የበቀለው ሲደርስ የሁለቱም ቤት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ምንነቱ ሳይታወቅ ምንም ነገር አይነቀልም። ጨዋታው እሱ ነበርና። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ሰዎች መፋቂያቸውን በአፋቸው ይዘው ጎን ለጎን ይቆሙና ቡቃያውን ይመረምራሉ።

«ይኼ ሰሊጥ ነው። የሁመራው ጭነት።»

«ይኼስ?»

«ይኼማ የአገሬ ማሽላ ነው! የቆቦ! ጋሼ፣ ይህን በዓይን ብቻ፤ በእጅ እንዳይነኩብኝ።»

ሚስቱ ከወጥ ቤት ሆና «አገሩን ከለቀቀ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም ማሽላ ሲያይ ዓይኑ ውኃ ይሞላል። ለእኔ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም» ትላለች። በእነዚያ ዓመታት ከዚያች መሬት ያልበላነው የአገራችን እህል ጥቂት ነው። በቆሎውን ለሁለት ቤት እንጠብሰዋለን፤ ባቄላው እሸት ሲሆን ልጆቻቸው በአጥሩ ቀዳዳ ያቀብሉኛል።

በዚያ ዓመት ሾፌሩ ክረምቱን የዋለው በደቡብ መስመር ነበር። መስከረም ሲጠባ ከበቆሎው መካከል አንድ የማናውቀው ነገር ቀጥ ብሎ ወጣ። ቅጠሉ እንደ ጣት የተከፋፈለ፣ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ ነው። አንድ ሌላ ደግሞ ከሾፌሩ ወጥ ቤት ግድግዳ ጥግ በቀለ።

«ጉሎ ነው» አለ ሾፌሩ።

«ጉሎማ ቅጠሉ ሰፊ ነው። ይኼ ጣቱ ቀጭን ነው፤ ከየት አመጣኸው?»

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ! ሸራውን ይጠይቁት።»

ዛሬ ይህን የሚሰማ ሰው «እንዴት አላወቃችሁም?» ይለኛል። ከየት እናውቃለን? እኔ ሐሺሽ የሚባለውን ከስሙ በቀር አላውቀውም። ባለቤቴ ከፋብሪካና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የሚሄድበት የለው። ሾፌሩ አንድ ሁለቴ በየመንገዱ ሰው ሲያጨስ አይቷል፤ ያየው ግን የደረቀውንና የተጠቀለለውን እንጂ መሬት ላይ የቆመውን አይደለም። ሽታው ከበድ ይል ነበር፤ እውነት ነው። ግን የአቃቂ ሰዎች ነን። በስተላይ ፋብሪካ፣ በስተታች ወንዙ፤ በዚያ ሰፈር ሽታ ማንንም አያስደነግጥም።

ኅዳር ሲገባና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ተክሉ መለወጥ ጀመረ። በመጀመሪያ የቅጠሉ ጠርዝ ብቻ ጠየመ። ከዚያ ደም ሥሩ፣ ከዚያ ግንዱ፣ በመጨረሻም ጫፉ ላይ የተቋጠረው አበባው። ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ስታዩት ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ከኋላው ስትወጣ ግን መስታወት ውስጥ እንዳለ ወይን ያበራል። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ፍቅር ያዘው። ሌላ ቃል የለኝም። ከፈረቃ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ወደ ጓሮው ነው።

«ነይማ እዪ!»

«ትናንት አሳየኸኝ እኮ።»

«የትናንቱ አይደለም። ዛሬ ሰማያዊው ደርሷል።»

ነፋስ እንዳይጥለው እንጨት ተክሎ በዚያው በተበላሸው ክር አሰረው። ዶሮ እንዳይጭረው ዙሪያውን እሾህ አደረገ። የዕቃ እጣቢውን ከእጄ እየነጠቀ ያጠጣዋል። ፋብሪካው ስንት ዓመት ሲታገልበት የኖረውን ቀለም አንድ ወፍ ዘራሽ ተክል ያለ ምድጃና ያለ ቀለም ማስያዣ ጨው እንዴት እንዳመጣው ሊገባው አልቻለም። አንድ እሑድ አሮጌ ድስት ጥዶ ቅጠሉን ቀቀለና ነጭ ክር ነከረበት። ውኃው ደፈረሰ፤ ቅጠሉ በሙቀቱ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ክሩ የእጣቢ መልክ ይዞ ወጣ።

ሾፌሩ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያየው ቆይቶ «ጋሼ፣ ፋብሪካው አልበቃ ብሎዎት እቤትም ፈረቃ ገቡ?» አለው።

«ሌባ ቀለም ነው» አለ ባለቤቴ ድስቱን እየደፋ። «ለሰው አይሰጥም።»

የተክሉ ዝና በሰፈሩ ወጣ። ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ብለው ያዩታል፤ አንዷ ለልጇ ሠርግ ቅርንጫፍ አስቀምጡልኝ ብላ ነበር። በዚህ መካከል ቀበሌው ከወረዳ የሚመጡ እንግዶች ያሉበት ስብሰባ ጠራ። ሊቀ መንበሩ ራሱ እቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ጠረጴዛው ባዶ እንዳይሆን ከዚያ ከሚያምረው አበባ ጥቂት ቢሰጡን ብሎ ለመነ። ባለቤቴ ደስ እያለው ቆረጠለት። የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ ተደርጎ በክብር እንግዶቹ ፊት ቆመ።

ከእንግዶቹ አንዱ የፖሊስ መኮንን ነበር። የነበሩት እንዳወሩልኝ፣ ንግግሩ እስኪያልቅ ከጣሳው ላይ ዓይኑን አልነቀለም። በመጨረሻ ተነሥቶ «ይህ አበባ ከየት መጣ?» አለ።

ሊቀ መንበሩ ደረቱን ነፍቶ «የራሳችን ቀበሌ ምርት ነው!» ብሎ መለሰ።

እዚህ ላይ ሰፈሩ ይስቃል፤ ወሬውንም እዚህ ላይ ይጨርሰዋል።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሾፌሩ ሚስት ደጃፌ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ብቻ እግሯ ላይ ነው። የሸራው ጓሮ ተረግጧል፤ ተክሉ ከነሥሩ፣ ከነእንጨቱና ከነክሩ የለም።

«እትዬ፣ ወሰዱት» አለችኝ። «ገና ከመንገድ መግባቱ ነበር፤ ፊቱን እንኳ አልታጠበም። ሐሺሽ ነው አሉ። መኪናውንም ያዙት። እንዲህ ያለው ወይን ጠጅ እዚህ አገር የለም፤ ከውጭ ተመርጦ የመጣ ዘር ነው፣ ነጋዴ ነህ አሉት።»

«አብሽሪ» አልኳት፤ አይዞሽን በራሷ ቃል። ሾፌር ነው፣ አገር ለአገር ይዞራል፣ ከደቡብ መመለሱ ነው። እሱን ነጋዴ ለማለት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። መንጃ ፈቃዱ ከተወሰደ እነዚያ ሁሉ ልጆች የሚበሉት የላቸውም። እስር ከተፈረደበት ደግሞ… ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልፈለግሁም።

ባለቤቴ ከፈረቃ ሳይወጣ ሊቀ መንበሩ መጣ። ሳይቀመጥ ማውራት ጀመረ። ጣሳው የእሱም ራስ ምታት ሆኖ ነበርና ፊቱ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ ጋሼ ምን አደረጉ? አበባ ስጡን አልን፣ ሰጡን። ዘሩን ያመጣው ሾፌሩ ነው። ጋሼን የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ቢጠየቁም አላውቅም ማለት ነው። የማቅለሚያው ዋና ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ መሆኑንና ቦታውን ማን እንደሚጠብቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። አሁን በዚህ ጊዜ…»

«ሲመጣ ለራሱ ንገረው» አልኩት።

መጣ። ሊቀ መንበሩ ሁሉንም እንደ ገና ነገረው። ባለቤቴ ቆሞ ሰማ። የሾፌሩን ሚስት አያት፣ የተረገጠውን ጓሮ አየ፤ ከዚያ ሊቀ መንበሩን «ከነክሩ ነው የነቀሉት?» ብሎ ጠየቀው።

«አዎ፣ ከነምኑም።»

«ደግ።» ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል ዞር አለ። «ሊቀ መንበር፣ በቆሎውን ለሁለት በላን። ባቄላውን ለሁለት በላን። እስሩን ለብቻው ላብላው?»

ሊቀ መንበሩ ወጥቶ ሄደ። እኔ ኮቱን ላወጣለት ብነሣ «ተይው፣ የሥራ ልብሴ ይሻላል» አለኝ። እጁን ታጠበ። የጥፍሩ ቀለም ግን እንዳለ ነበር። ሦስታችን፣ እሱ ከፊት፣ እኔና የሾፌሩ ሚስት ከኋላ፣ በሐዲዱ ዳር ዳር ይዘን ወደ ጣቢያው ሄድን። በመንገድ ላይ የሚያውቁት የፋብሪካ ሰዎች ሰላም ሲሉት ቆብ አንሥቶ መለሰ፤ እንደ ማንኛውም ቀን። ፈርቼ ነበር። ግን ከኋላው ሆኜ ጀርባውን ሳየው፣ ሌላ ሰው አግብቼ ቢሆን ምን አገኝ ነበር ብዬ አላሰብኩም፤ ይህን ሰው ባላገባ ኖሮ ስንት ነገር ይቀርብኝ ነበር ብዬ አሰብኩ።

መርማሪው ወጣት ነው። ተክሉ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ጠውልጎም ቀለሙ አልለቀቀም። በሩ ክፍት ስለ ነበር ከኮሪደሩ ሆነን ሁሉን እናያለን፣ እንሰማለን።

«ምን ነበር ጋሼ?»

«ያጠጣሁት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ይህን ተክል። ያጠጣሁት፣ ያሰርኩት፣ ለስብሰባውም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የያዛችሁት ሰው ሸራ አራገፈ እንጂ ምንም አላደረገም። ሸራውንም ያራገፍነው አብረን ነው።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ያሰርኩት እኔ ነኝ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል።»

የሾፌሩ ሚስት ክንዴን ያዘችኝ። ሾፌሩ፣ ለካ፣ የባለቤቴን ስም ላለማንሳት ሁሉን በራሱ ላይ ጭኗል። ባለቤቴ ተክሉ ላይ ያለውን ክር በጣቱ ነካ። 

«ዋሽቷል። ይጥሩትና ክሩን ይሰር።»

ሾፌሩን አመጡት። ባለቤቴን ሲያይ «ጋሼ፣ እዚህ ምን ሊሠሩ መጡ?» አለ፤ ቁጣ ነበረበት።

«የራሴን ልወስድ።»

መርማሪው ትርፉን ክር ሰጥቶ እንጨት ላይ እንዲያስር አዘዘው። ሾፌሩ አሰረ፤ ሸራ እንደሚያስር፣ በአንድ ጎተታ የሚፈታ ቋጠሮ። ሌላ አያውቅም። ተክሉ ላይ ያለው ግን የክር ፋብሪካ ሰዎች ቋጠሮ ነው፤ ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ በጥፍር እንኳ የማይፈታ። ባለቤቴ ሳይጠየቅ ከጎኑ ሌላ አሰረ። የእሱና የተክሉ ቋጠሮ መንትያ ነበሩ። መርማሪው በጥፍሩ ሊፈታው ሞክሮ አቃተው።

«እሺ» አለ። «ያሰሩት እርስዎ ነዎት። ችግሩ ግን እሱ አይደለም፤ ወይን ጠጅነቱ ነው። አረንጓዴ ቢሆን ወፍ ዘራሽ ነው እል ነበር። ይህን ግን ሰው ዘሩን መርጦ ካላመጣው ከየት ይመጣል? አሁን በአንድ ፈንታ ሁለት ሰው አለኝ ማለት ነው።»

ሁለቱንም አስቀራቸው። እኔና የሾፌሩ ሚስት በአንድ አገልግል ስንቅ ማመላለስ ጀመርን። እሷ የምታመጣውን ባሌ ይበላል፣ እኔ የማመጣውን ባሏ ይበላል፤ ሥጋ ካልሆነ በቀር ማን የማንን እንደ በላ የሚጠይቅ አልነበረም። ፋብሪካው ወሬውን ሰማ። ትምህርት ቤት መምህራኑ እኔ ስገባ ጨዋታ ያቆማሉ። አንዲት መምህርት ብቻ መጥታ «አይዞሽ፣ ሰው ይሳሳታል» አለችኝ። «አልተሳሳተም» አልኳት።

በኋላ መርማሪው ከግብርና አንዲት ባለሙያ ይዞ መጣ። የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች ወጣት ናት። ሁለቱንም እስረኞች ወደ ሸራው ጓሮ አመጧቸው። ባለሙያዋ ተክሉ የተነቀለበትን ጉድጓድ አየች፣ አፈሩን አሸተተች፣ ስለ ሸራው ጠየቀች። ባለቤቴና ሾፌሩ እየተቀባበሉ ስለ ሰሊጡ፣ ስለ ማሽላው ሲነግሯት ፈገግ አለች።

«ከዚሁ አቧራ ሌላ እንዲህ ያለ የበቀለ አልነበረም?» አለች።

 ከወጥ ቤቱ ጥግ ያለው አሁንም እዚያው ነበር። ፖሊሶቹ ወይን ጠጅ ፈልገው ስለ መጡ አረንጓዴውን አላዩትም። ብናሳያት ጥፋት ላይ ጥፋት እንደ መጨመር ነው፤ የሾፌሩ ሚስት ፊቷ ነጣ። ባለቤቴን አየሁት። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀልኝ።

«አለ» አልኩና ይዣት ሄድኩ።

ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ቅጠል ቆርጣ ከጠወለገው ቅጠል ጋር አስተያየች፣ ግንዱን ሰነጠቀች፣ ከዚያ መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች። በዚያ በኩል ምድጃው ነበር፤ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ይሞቃል።

«ና» ብላ መርማሪውን ጠራችው። «ይህ የዚያ ወንድም ነው። በግድግዳው በኩል ያለውን ቅጠል እይ፤ አረንጓዴ ነው። ወደ ውጭ የወጣውን ጫፍ እይ።»

ወደ ውጭ የወጣው ጫፍ ጠርዙ ወይን ጠጅ ነበር።

«ብርድ ነው» አለች። «ቀለሙ በዘሩ ውስጥ አለ፤ ብርድ ያወጣዋል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና ቅጠሉ ሲያረጅ አረንጓዴው ይሸሻል፣ ከሥር ያለው ይታያል። በዘሩ ከሌለ ግን ውርጭ ቢገድለውም አይወጣም። በማሽላ አገዳ ላይ አላያችሁም? በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ላይ ያለውም የዚሁ ዘመድ ነው።»

«እኔ የሰማሁት ከውጭ የሚመጣ ልዩ ዘር መሆኑን ነው» አለ መርማሪው።

«የታወቁ አሉ። ከአፍጋኒስታንና ከፓኪስታን ተራሮች፣ ብርድ ከለመዱ አገሮች የመጡ ብዙዎቹ ቀለሙ ይበዛባቸዋል። ፈረንጆች ደግሞ እነሱን እየመረጡና እያዳቀሉ ሙሉ ለሙሉ ወይን ጠጅ የሚሆኑ ዘሮች አውጥተዋል። የዚያ ዘር ቢሆን ግን ይህኛውም ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ እንዲህ አረንጓዴ ባልቀረ። ይህ የተመረጠ አይደለም፤ ወፍ ዘራሽ ነው።»

«ግን ወይን ጠጁ ይበልጥ ኃይለኛ ነው አይደል?»

«ቀለም ሌላ፣ ኃይል ሌላ። ቀይ ጤፍ ከነጭ ጤፍ የበለጠ ያጠግባል?»

«እናቴን ብትጠይቂያት ያጠግባል ነው የምትለው» አለ መርማሪው፤ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስቀቅለው አረንጓዴ ሆነብኝ» አላት፤ አንድ ባለሙያ ለሌላው እንደሚናገር።

«ይሆናል። ሙቀት ያንን ቀለም ያጠፋዋል፤ አረንጓዴው ይቀራል።»

«ቀቀሉት?» አለ መርማሪው። «ቀቅለው ምን አደረጉት? ጠጡት?»

«ክር ነከርኩበት።»

ሾፌሩ እጁ በካቴና እንዳለ ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው በሳቅ ይርገፈገፍ ጀመር። ቀጥሎ ሚስቱ፣ ቀጥሎ ባለሙያዋ። ባለቤቴ ብቻ አልሳቀም፤ ሰማያዊው በሙቀት መጥፋቱን እያሰበ ነበር። አረንጓዴው ተክል በእኛው ፊት ተነቀለ።

ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥተው ለቀቋቸው። ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱንና የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለ። ከጣቢያው በር ስንወጣ ባለቤቴን ትከሻውን ሊስም ጎንበስ አለና ቀና ሲል «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ስብሰባ ካለ ጽጌረዳ ይግዙላቸው» አለው።

«ዝም በል፣ ውሸታም» አለው ባለቤቴ።

የማቅለሚያው ዋና ኃላፊ ጡረታ ወጣ። ባለቤቴ ከማንም በፊት እዚያ ክፍል የገባ፣ ቀለም በማሽተት የሚለይ ሰው ነው። ምክንያቱን ፊት ለፊት የነገረው ባይኖርም፣ ስሙ ፖሊስ ጣቢያ ያደረ ሰው ኃላፊ አይሆንም የተባለ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል። ቦታው ለሌላ ፈረቃ ኃላፊ ተሰጠ። ማስታወቂያው የተለጠፈ ዕለት ለምሳ ወደ ቤት መጣ። ማስታወቂያውን ማንበቡን ከፊቱ አውቄያለሁ፤ እሱም ማወቄን ያውቃል። አቀረብኩለት። ይበላ ጀመር። ምን ልበለው እያልኩ ሳሰላስል ከሐዲዱ ወዲያ የኤንትሬው ሞተር ተሰማ። ከሩቅ መንገድ መምጣቱ ነው፤ ማርሹ ሲቀየር ድምፁ ይከብድና እንደ ገና ይነሣል። ልጆቹ «አባዬ መጣ!» እያሉ በራችንን አልፈው ሮጡ።

ባለቤቴ ጉርሻውን በእጁ እንደ ያዘ አዳመጠ። መኪናው ወደ ሰፈሩ ጠባብ መንገድ ታጥፎ ተንገጫገጨና ሞተሩ ጠፋ።

«ገባ» አለ።

ጉርሻውን ጎረሰ።  እኔም ወጥ ጨመርኩለትና ከፊቱ ተቀምጬ፣ በልቶ እስኪጨርስ ድረስ፣ ያንን ሰው አየሁት።